ለጀማሪ የሚበቃ ብስክሌት

ግንቦት ሊገባደድ ሲል አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ መተማ ዮሐንስ ካለ የሰሊጥ መጋዘን ተባይ ፈትሼ ስወጣ ከአቶ ፈረደ ጋር በሩ ላይ ተገጣጠምን። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ እሳቸው የአካባቢው ነባር ገበሬ ናቸው። በጋሪ ጭነው ያመጡትን ጆንያ ሳይ ደነገጥኩ። ለክረምቱ ዘር እንዲሆን አብረን ለቅመን የለየነው ሰሊጥ ነበር።

«ጋሽ ፈረደ፣ ይኼ ዘሩ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ልሸጠው ነው።»

«ምነው፣ በደህና?»

«እየሩስ ትራያትሎን ጀምራለች። ብስክሌት ልገዛላት ነው።»

እየሩስ ልጃቸው ናት። ጎንደር የስፖርት ሳይንስ ትማራለች፤ ሰሞኑን ለእረፍት ቤቷ መጥታለች። ትራያትሎን የሚሉት ውድድር ዋናን፣ ብስክሌት መንዳትንና ሩጫን በአንድ ቀን የሚያከታትል ነው። የመጀመሪያ ውድድሯ በቅርቡ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ይካሄዳል።

አቶ ፈረደ ስልካቸውን አውጥተው አንድ የሚያብረቀርቅ የውድድር ብስክሌት አሳዩኝ። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ነው ፎቶውን የላከላቸው፤ ከነልዩ ጫማው፣ ከነላስቲክ የዋና ልብሱ፣ ከነሰዓቱ። የእኛ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ ከርሞ «ሰው ምን ይለኛል» ያለ ለት ኪሱን ይገለብጣል። ይኼን አውቃለሁ፤ ዘር ሲሸጥ ቆሜ ማየት ግን አልቻልኩም፣ ተናደድኩ።

«ዝናቡ ሲጥል ምን ሊዘሩ ነው?» አልኳቸው።

«እግዜር ያውቃል። አንተ እንደሆንክ ደመወዝተኛ ነህ፤ የእኔ ክረምት ምን አስጨነቀህ?»

አፌን ሳልከፍት እየሩስ ራሷ ከተፍ አለች። ላብ በላብ ሆና፣ ቀለሙ የለቀቀ ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌት ትገፋለች። ዘሩ መጫኑን ከእናቷ ሰምታ ነው የመጣችው።

«አባዬ፣ ጆንያው ይመለስ።»

«በዚህ ቆርቆሮ ነው የምትወዳደሪው?»

«በዚሁ ነው። ጠጋኙ ሙኽታር በርካሽ ሸጠልኝ። ፍሬኑን በአዲስ ቀይሮልኛል፤ ቁመቱም ለእኔ ልክ ነው። የእርስዎን ነጋዴ ደውዬ ጠየቅሁት፤ ያኛው ለረዥም ወንድ የተሠራ ነው። እግሬ ፔዳሉ ላይ በቅጡ አይደርስም።»

«እሱማ ታድጊበታለሽ ብዬ ነው ትልቁን ያስመረጥኩት።»

«አባዬ! ሃያ ዓመቴ እኮ ነው!»

ጫኝና አውራጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አቶ ፈረደ አልሳቁም።

«የላስቲኩ ልብስስ? እሱም አያስፈልግሽም?»

«እሱ ለቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ጣና መች በረዶ ሆነ? ተራ የዋና ልብስና የዋና መነጽር ይበቃኛል። የሩጫ ጫማዬ ገና ደህና ነው፤ በእሱው እነዳለሁ፣ በእሱው እሮጣለሁ። ለልምምድ የስልኬ ሰዓት ይበቃል።»

«እንግዲያው ከእግርሽ እስከ ራስሽ አሮጌ ሆነሽ ልትቀርቢ ነዋ!»

«ራሴስ አይደለም። ሄልሜት አሮጌ አልገዛም። ተጋጭቶ ውስጡ ቢሰነጠቅ ከላይ አያስታውቅም። ለእሱ የሚሆን አጠራቅሜያለሁ።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ልጅቷ ርካሽ የፈለገችው በስስት አይደለም፤ ነፍስ የሚጠብቀውን ዕቃ ለታይታ ከሚገዛው ለይታ ነው። ብዙዎቻችን የምናደርገው ተገላቢጦሹን ነው።

አቶ ፈረደ ወደ እኔ ዞሩ። «ትሰማታለህ? የከተማ ልጆች በአዲስ ብስክሌት ሲመጡ የእኔ ልጅ በጥጋኝ ትቁም?»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች እየሩስ። «ማሳዎን የሚያርሰው የማን ትራክተር ነው?»

«የቢያድግልኝ።»

«በኪራይ?»

«በኪራይ ነዋ! እኔ ትራክተር ከየት አምጥቼ?»

«ሰሊጡን እዚህ ሲያመጡ፣ በሰው ትራክተር ነው ያረሱት ብሎ ዋጋ የቀነሰብዎት ነጋዴ አለ?»

«ምን አግብቶት!»

«የእኔም እንደዚያው ነው። ልምምድ ካልሠራሁ ውዱ ብስክሌት አይዋኝልኝም፣ አይሮጥልኝም። ዘንድሮ በዚህ ልጀምር። ካልሆነልኝ የሚባክነው ትንሽ ነው፤ ከሆነልኝ ደግሞ የሚጎድለኝን አውቄ ወደፊት እንገዛለን። ዘሩ ከተሸጠ ግን ክረምቱ አይጠብቀንም።»

ሽማግሌው ጆንያውን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ለካስ የያዛቸው ሌላ ነው።

«ዘጠነኛ ክፍል ጎንደር ስልክሽ» አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ፣ «በኮንጎ ጫማ ነው የሄድሽው። ልጆቹ ሳቁብሽ። ማታ ደውለሽ አለቀስሽ። ያ ለቅሶሽ ከጆሮዬ አልወጣም። ሁለተኛ በእኔ ድህነት ማንም አይስቅባትም ብዬ ምያለሁ።»

እየሩስ ብስክሌቱን ለእኔ አስያዘችኝና እጃቸውን ያዘች።

«ስቀውብኛል፣ እውነት ነው። የዚያን ማታ ያስለቀሰኝ ግን ናፍቆትዎ ነው። ጫማውን እኮ ረስቼዋለሁ፤ እርስዎ ይኼን ሁሉ ዓመት ተሸክመውት ኖረዋል?»

አቶ ፈረደ ፊታቸውን በአንገታቸው ፎጣ ጠረጉ።

«ኻላስ፣ በቃ!» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ባለጋሪው ዞረው። «ጆንያውን ወደ ቤት መልሰው።» ቀጥለው የብስክሌቱን ፍሬን ጨበጥ ለቀቅ አድርገው ፈተሹት። «መጥፎ አይደለም። ሄልሜቱን ግን እኔ ነኝ የምገዛው፤ አዲሱን!»

እንዲህ ሆኖ የእየሩስ ምክር ፍሬ አፈራ። ዘሩ ለማሳው ተረፈ፤ ቤቱም ብድር ሳይገባ ክረምቱን ተቀበለ። ልጅቷ በልኳ ብስክሌት መለማመዷን ቀጠለች፤ ሲበላሽባትም ሙኽታር ጋ ተቀምጣ ጥገናውን ትማራለች። ስፖርት ለመጀመር ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ደህና ፍሬን፣ አዲስ ሄልሜት፣ ልክ የሆነ ዕቃና የማያሰልስ ልምምድ ይበቃል። ልጁን ለማስከበር ብሎ ቤቱን የሚያራቁት አባት ቢኖር፣ መጀመሪያ ልጁን ቁጭ ብሎ ይጠይቅ እላለሁ።

የዚያን ቀን ስንለያይ በጓሮ መንገድ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አቶ ፈረደ ግን ብስክሌቱን ከእጄ ተቀብለው፣ ነጋዴውና ባለባጃጁ ሁሉ በተቀመጠበት በዋናው አስፋልት ይገፉት ጀመር። ከአንዱ ሱቅ ደጃፍ አንድ ሰው፣ «ጋሽ ፈረደ፣ ያ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ብስክሌት ቀረ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

አቶ ፈረደ ቆሙ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ቀረ! የልጄ ብስክሌት ይኼ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን ልኳ ነው!»