በመጣራት ላይ ያለው ሬዲዮዬ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው አምቦ፣ ጓሯችን ካለው ባሕር ዛፍ ላይ የአንቴና ሽቦ ባሰርኩባት ቅዳሜ ነው። ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ በግል የሬዲዮ መሣሪያ ከሩቅ ሰዎች ጋር ለመነጋገር ለሚያስችለው ለአማተር ሬዲዮ የጀማሪ ፈቃድ ፈተና እየተዘጋጀሁ፣ በሬዲዮዬ የባለፈቃዶቹን ንግግር አዳምጥ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኦቦ ገመቹ ሚሊሻ አስከትለው መጡ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«አላወራም ኦቦ፣ አዳምጣለሁ እንጂ። ማውራት የሚቻለው ፈቃድ ሲገኝ ነው።»

«ታዲያ ፈቃድ አለህ?»

«ለእሱ እኮ ነው የማጠናው!»

«ፈቃድ ሳይኖርህ ምን ያስጠናሃል?» አሉና ወደ ሚሊሻው ዞሩ፤ «ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚማሩት ይሄን ነው!» ተሳሳቁብኝ። ሬዲዮዬንም ሽቦዬንም «ይጣራ» ብለው ወሰዱ። ፈተናው አመለጠኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ብመላለስ መልሱ «ገና እየተጣራ ነው» ሆነ።

ባለፈው እሁድ በኦቦ ገመቹ ደጅ ሳልፍ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ሲተላለፍ ሰማሁ። በአጥሩ አሻግሬ ባይ፣ በረንዳው ላይ ኦቦ ገመቹ አጠገብ የተቀመጠው የእኔው ሬዲዮ ነው፤ የተሰበረ እጀታውን በቀይ ፕላስተር የጠመጠምኩት እኔው ነኝ። ሽቦዬ ላይ ደግሞ ልብስ ተሰጥቶበታል። «ኦቦ ገመቹ!» ብዬ ብጮህ ድምፁን ቀነሱት እንጂ ቀና እንኳ አላሉም። እንግዲህ በዚህ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እናንተ ባላችሁበት እጠይቃለሁ፤ ዛሬስ ይመልሱልኝ፦ ኦቦ ገመቹ፣ እርስዎስ ፈቃድ አለዎት?