የዓይን ሐኪሙ ጥፍሩን አየ

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ሚርታ፣ ልጄ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? በዚህ ሰዓት ስልኩ ሲጮህ ደነገጥኩ። ሥራ የለሽም? ... አሃ፣ የምትጠብቂያት አሮጊት ተኝታልሽ ነው። ትሰሚኛለሽ? እኔ እሰማሻለሁ። ቦነስ አይረስ ዝናብ ነው መሰለኝ፣ ድምፅሽ ይንኮሻኮሻል።

— አሁን ገና ከመኪና መውረዴ ነው። ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም። ... ከአሱንሲዮን ነዋ። ቺፓን ለዓይን ሐኪሙ አሳይቼው መጣሁ። ... አዎ፣ ያው ስፔሻሊስት የተባለው። የውሻ ዓይን ብቻ ነው የሚያየው፣ ሌላ ነገር አይነካም አሉኝ።

— በምን እሄዳለሁ፣ አውቶቡሱ ውሻ አይጭን። የአበልጄ የሴልሳ አማች በሐብሐብ መኪናው ወሰደን። ቺፓ ጭኔ ላይ ሆኖ። ድሮ መንገድ ላይ ላም ባየ ቁጥር ጆሮ የሚበጥሰው ውሻ፣ ዛሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ዝም። ምን አይቶ ይጮሃል፣ ዓይኑ እንደሆነ ሰማያዊ ጉም ለብሷል። የሐኪሙን ደረጃ ስንወጣ በአፍንጫው ነው የመታው።

— ተይኝ እስቲ። ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ... ሆድ ነው የባሰኝ። እዚያ ተረኛ የሚጠብቁት ውሾች ደግሞ ሪባን ያሰሩ፣ ሽቶ የተቀቡ። አንዷ ሴትዮ ቺፓን አይታ ውሻዋን ወደ ጉያዋ ሳበችው። የእኛው እንኳን ምንም አላላትም፣ ጨዋ ነው።

— እሱን ልነግርሽ ነው፣ አታስቸኩዪኝ። ወይ ጠብታ ይሰጠኛል፣ ወይ ቀዶ ያደርግለታል ብዬ ነበር። ክፍሉን አጨለመው። ግንባሩ ላይ ትንሽ መብራት አስሮ ዓይኑን አየ፣ አየ፣ አየ። ከዚያ መጋረጃውን ከፈተና... ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? የፊት እግሩን አንስቶ ጥፍሩን ያይ ጀመር።

— እኔስ መች ዝም አልኩ። «ዶክተር፣ ዓይኑ ያለው እላይ ነው» አልኩት። አልሳቀም። አንገቱን ዳበሰ። በዓይኑ ዙሪያ ፀጉሩ የተመለጠውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። እኔ እኮ እንባው ነው የመለጠው ብዬ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይኼን ጥፍር ማን ቆረጠው?» አለኝ።

— እኔ ነኛ፣ ማን ይቆርጥለታል። ... ለምን ትይኛለሽ እንዴ? ውይ፣ ለካ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነገር ነው። እዚህ ሰፈር ሰው ሁሉ ይቆርጣል። የውሻ ደም ሊወስዱ የሚመጡት የጤና ሰዎች የበሽታው ምልክት ነው ብለው መጀመሪያ የሚያዩት ጥፍር ነው። ያለ ልክ ያደገ ጥፍር ካዩ፣ «ለምርመራ» ይሉሻል፣ ከዚያ ወዲያ ውሻሽን አታዪውም። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ደጃፉ ተቀምጦ የውሻውን ጥፍር ይሞርዳል። ሴልሳ መቀሱን ታውሰኛለች፣ እኔ ሞረዱን አውሳታለሁ። የጤና ሰዎቹ ሲመጡ ደግሞ ውሾቹን በአጥር በአጥር እናሳልፋለን። ከእኛ ወደ ሴልሳ፣ ከሴልሳ ወደ ወንዙ ዳር። ... ምኑ ነው ነውሩ? ሰው ውሻውን አሳልፎ ይስጥ?

— አዎ። ... አዎ፣ እሱን ነው ያለኝ። ካላዛር። «ዓይኑ አይደለም የታመመው፣ ውሻው ነው። የእኔ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ደሙን ያስመርምሩ» ብሎኝ እጁን ታጠበ። ... ጠብታ? ምን ጠብታ፣ ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።

— ቆይ፣ ሴልሳ ከአጥሩ ማዶ እየጠራችኝ ነው። (መጣሁ፣ አበልጄ፣ ሚርታ ናት በስልኩ። ... ተይው፣ እዚያው ጥላው ሥር ይተኛ።) ... ሰላም ብላሻለች። ሐኪሙ ለጤና ቢሮ ሳይናገር ቺፓን ዛሬውኑ ወንዝ ማዶ ላድርሰው ነው የምትለው።

— ማን፣ ፓናምቢ? ልጅሽ ደህና ናት። ... ተኝታለች። ... እንዲሁ ነዋ፣ ደክሟት። ሙቀቱን አታውቂውም? ... ትምህርት ቤት? ዛሬ አልሄደችም። ... ትናንትም አልሄደችም። ... ሚርታ፣ አትጩኺብኝ፣ አሮጊቷን ትቀሰቅሻታለሽ።

— ትንሽ ትኩሳት። ማታ ማታ ይመጣባታል፣ ጠዋት ይተዋታል። ወስፋት ነው ብዬ ቅጠሉን እያፈላሁ አጠጣኋት፣ አንቺንም በሱ አይደል ያሳደግኩሽ? ... ከገና ወዲህ። ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ባሕር ማዶ... ያው ወንዝ ማዶም ቢሆን፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥተሽ ልታድሪ ነው?

— ፎቶው? ... እኔ ነኝ የላክሁልሽ፣ አዎ። «ወፍራለች፣ ሆዷ ሞልቷል» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። ... ልጄ፣ ሆዷ ብቻ ነው። እጇ ቀጥኗል። የትምህርት ቤቱ ነጭ ጋዋን ትከሻዋ ላይ ይሰፋታል፣ ሆዷ ላይ ሲደርስ ቁልፉ እምቢ ይላል። ትናንት ሳጥባት በግራ በኩል ከጎኗ በታች ነካኋት። ጠንካራ ነው። ልጅ እዚያ ጋ እንዲህ አይጠነክርም።

— አላውቅም። አላውቅም አልኩሽ እኮ። ... ከማን ጋር ትተኛለች፣ ከቺፓ ጋር ነዋ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም። አጎበሩን አጥብቄ ሸጉጬላት እወጣለሁ፤ እሷ ደግሞ ገለጥ አድርጋ ታስገባዋለች።

— በሽታውን የምታዛምተዋን ዝንብ አውቃታለሁ። ሲመሽ ከዶሮ ቤቱ በኩል የምትመጣው፣ ድምፅ የሌላት። ውሻውን ነክሳ ሰው የምትነክሰው። ሬዲዮው ሁልጊዜ ይናገራል። ለሌላ ሰፈር የሚናገር ይመስለኝ ነበር።

— ሚርታ? ... ሄሎ? ... አለሽ? መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

— አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ቀስ ብለሽ ስሚኝ። ስወጣ በሩ ላይ ሐኪሙ አስቆመኝ። «እቤት ልጅ አለ?» አለኝ። ... የለም አልኩት። ... እንጃልኝ፣ አፌ ነው ያለው። አለ ብል ቺፓን እዚያው የሚያስቀሩብኝ መሰለኝ። ያለ እሱ ብመለስ ለልጅቷ ምን ልላት ነው? ለእሷ ብዬ እኮ ነው... አላመነኝም መሰል፣ እጄን ያዝ አድርጎ፣ «እናቴ፣ የውሻውን እንጃ፣ ሰው ግን ቶሎ ከደረሰ ይድናል» አለኝ። መንገዱን ሙሉ የሴልሳ አማች ያንጎራጉራል፣ እኔ የምሰማው «ቶሎ» የሚለውን ብቻ ነው።

— ሆስፒታል ብወስዳትማ ይጠይቁኛል። ከዚያ ሰፈሩን በሙሉ ይወርዱበታል። የሴልሳን ውሾች፣ የዶን ኤሊሂዮን ጥቁሩን... ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያ ሰውዬ ከዚያ ውሻ በቀር ማን አለው? ሁሉም በእኔ ምክንያት መሆኑን ያውቃሉ። ነገ ደጄን የሚረግጥ አላገኝም።

— (ምን አልሽ፣ አበልጄ? ... ሁሉንም ሰምተሻላ። ... አይ፣ የሙቀት አይደለም። ... ውሾቹን እስክታሻግሪ እስከ ሰኞ ልጠብቅ? ... አውቃለሁ፣ ውሾችሽን ትወጃቸዋለሽ። እኔስ? ... ክርስትና ያነሳሻት አንቺ አይደለሽም? እንግዲያው ግቢና ሆዷን ዳብሺው፣ ከዚያ ሰኞ በዪኝ።)

— ገባች። ... አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ... እየዳበሰቻት ነው። ... ግራ ጎኗ ጋ ስትደርስ እጇን መልሳ መልሳ እዚያው ታደርጋለች። ሚርታ፣ ከእንግዲህ ሰኞ አትለኝም።

— ላስነሳት? ... እሺ። ፓናምቢ... ፓናምቢዬ፣ እናትሽ ናት፣ ድምፅሽን ልትሰማ ፈልጋ ነው። ተነሺ የኔ እመቤት። ... ቆይ። (ሴልሳ፣ መስኮቱን ክፈቺው እስቲ። ትራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው?)

— ከአፍንጫዋ ነው። ... ደም። ... አይ፣ ዓይኗን ገልጣለች፣ እያየችኝ ነው። ትተነፍሳለች፣ እጄ ደረቷ ላይ ነው። ... አታልቅሺ ልጄ፣ እኔም አላለቀስኩም። ፎጣ ይዣለሁ።

— ሴልሳ ወጥታ ሮጣለች። አማቿን «መኪናውን አስነሳ» እያለችው ነው። ... ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው፣ ሌላ የት ይሆናል።

— ቺፓ? እዚህ በሩ ላይ ነው። ግድግዳውን ታክኮ ታክኮ መጣ። ደሙ ሸቶት ነው መሰለኝ አፍንጫውን ወደ አልጋው ይዘረጋል። ... አይ፣ በአጥር አላሳልፈውም። እዚሁ በረንዳው ላይ አስሬው እሄዳለሁ፣ ሲመጡ ያገኙታል። ... ምን እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፣ ሚርታ፣ አትንገሪኝ። ለፓናምቢ ደግሞ የምላትን መኪና ውስጥ አስብበታለሁ።

— እነግራቸዋለሁ። ውሻ አለ ወይ ሲሉኝ አለ እላለሁ፣ ከማን ጋር ይተኛል ሲሉኝም አልደብቅም። ከገና ጀምሮ እንደሆነም እናገራለሁ። ... አይ፣ አሁን ልዝጋው። ልጅቷን ለማቀፍ ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል።