ንጹሕ ቡና

መንሳፈፍ ማለት አንድ ነገር ውሃ ላይ ሲጣል ሳይሰምጥ መቆየቱ ነው። የተፈጨ ቡና ቅባት ስላለው ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ የተቆላ ገብስ ግን ይሰምጣል። በደርግ ጊዜ፣ ልደታ ሰፈር፣ ይህን ለጎረቤቴ ለእትዬ አስካለ ላሳይ ብዬ ከቀበሌው ሱቅ የገዙትን የተፈጨ ቡና ብርጭቆ ውሃ ላይ ነሰነስኩት። ቁልቁል ወረደ። ቀና ስል የቀበሌው ሊቀመንበር በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ጓድ መምህር?»

«የቡናውን ንጽሕና እየመረመርኩ ነው።»

«ታዲያስ?»

እትዬ አስካለ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ሱቃችሁ ገብስ ይሸጣል ብል የማድረው ቀበሌው እስር ቤት ነው።

«ንጹሕ ቡና ይሰምጣል» አልኩ።

ብርጭቆውን አንስቶ አየው። «ጥሩ ነው። እሁድ ለውይይት ክበቡ ታሳያለህ።»

አሳየሁ። የቀበሌያችን ቡና በሙሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።