ሚካኤል ሰበረው የተባለ እግር

በ፲፱፻፶፰ ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ ማለቂያ፣ ፈንጣጣ ከትቤ ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ ስመለስ፣ አራት ጎረቤታሞች ቃሬዛ አስቀምጠው ሲያርፉ አገኘሁ። ቃሬዛው ላይ የተኙት አያ ጓዴ የሚባሉ ገብስ አምራች ገበሬ ናቸው፤ ከወጌሻ ቤት ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። እኔ የንፋስ መውጫ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና ክትባት ሰጪ፣ ስለሆንሁ ጨርቁን ገልጬ አየሁ። የተሰበረው እግራቸው አብጦ መግል ይዟል፤ ደነገጥሁ።

የሆነውን የነገሩኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው። ከአሥር ቀን በፊት አያ ጓዴ ገብስ በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ሲሄዱ፣ አንድ የጭነት መኪና ጥርጊያውን ለቅቆ ዳር ድረስ መጥቶ ገጫቸው። አህያዋ እዚያው ሞተች። ሾፌሩ ሲወርድ መቆም አቅቶት ጎማውን ተደገፈ፤ አፉ አረቄ አረቄ ይሸት ነበር። አሁን የመኪናው ባለቤት ነገ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አያ ጓዴም «ይቅር ብያለሁ፣ ካሳ አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን ሊያሳርፉ ቃል ሰጥተዋል።

«ይህማ ይከሰሳል እንጂ እንዴት ይፈረማል?» አልኋቸው።

«ማንን ልክሰስ ልጄ?» አሉኝ አያ ጓዴ ቀስ ብለው። «ደመና አየሁና ፈርቼ በሚካኤል ዕለት ገብሴን ወቃሁ። ስገጭ የጫንሁትም ያንኑ ገብስ ነው። የሰበረኝ ሚካኤል ነው።»

እኔ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ነኝ፤ የተማርሁ ባይነትም አያጣኝም። ይህ አጉል እምነት ነው ብዬ ብዙ ለፈለፍሁ። አንዱንም አልሰሙኝም።

«ሦስት ልጆች ቀብሬአለሁ» አሉ። «የቀረችኝ ውብነሽ ብቻ ናት። ብከስስ ቀጥሎ የሚወስደው እሷን ነው።»

ነገሩ ግትርነት ሳይሆን ፍርሃት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝና አፈርሁ። እኔም በበኩሌ ፈራሁ፤ ያ እግር ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰ ሰውየው እንደማይተርፉ አውቃለሁ። ለመንገዱ የሚሆን ቤሳ የላቸውም። ጣታቸውን ካሳረፉ ደግሞ ማንንም የሚጠይቁበት መንገድ ይዘጋል።

ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኋቸው። «ለንስሐ አባትዎ ነግረዋል?»

«ለቄስ ወልደ ሩፋኤል ነግሬአለሁ። ጾም ሰጡኝ፣ ፈጸምሁ።»

«እንግዲያው የእርስዎ ጥፋት በዚያ አለቀ። የሾፌሩን እንይ። መሪ ይዞ እያለ አረቄ ያጠጣው ሚካኤል ነው?»

«ኧረ ስሙን ከመጠጥ ጋር አታንሣብኝ!»

«እኔ አላነሣሁም አያ ጓዴ። የሰካራም ጥፋት በመልአኩ ላይ ያላከኩት እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እሳቸውም ይህንኑ አስበው ለመናገር ፈርተው እንደነበር ገለጡ። እኔም አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አስረዳሁ፦ የሕክምናውን፣ ሳይታረስ የሚያልፈውን ጊዜና የአህያዋን ዋጋ የጎዳ ሰው ይከፍላል፤ የመኪናውም ባለቤት አብሮ ይጠየቃል። ዛሬ ዝም የተባለ ሾፌር ነገ ጠጥቶ የሌላ ሰው ልጅ ላይ ይወጣል አልሁ። አያ ጓዴ ጨርቁን በእግራቸው ላይ መልሰው፣ ጎረቤቶቹን ቃሬዛውን እንዲያነሡ አዘዙ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ቀለምና ወረቀት ይዘው ሲመጡ እኔም ቤታቸው ነበርሁ። አያ ጓዴ ላብ በላብ ሆነው፣ እየተንተባተቡ፣ «ሚካኤልን በንስሐ ታርቄዋለሁ፤ ከእናንተ ጋር ግን ገና ነኝ» አሉ። ክስ እንደማይቀር ያወቀው የመኪናው ባለቤት፣ ሰውየው ቢሞቱ እንደሚብስበት ፈርቶ፣ ያልጠጣ ሾፌር ቀጠረና በራሱ መኪና ጎንደር አደረሳቸው።

ትንሽ ቢያነክሱም እግራቸው ተረፈ። በስምንተኛው ወር ፍርድ ቤቱ ካሳ ፈረደላቸው፤ በዚያም አህያ ገዙ፣ ተመጽዋች ከመሆንም ዳኑ። በዚያ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮችም አረቄ ቤት ደጃፍ መኪና ማቆም ቀነሱ። በደልን በሕግ መጠየቅ ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት እንዳልሆነ የአገሬ ሰው ከዚህ ይረዳ።

ፍርሃቱ ግን በፍርድ ወረቀት የሚለቅ አይደለም። ባለፈው ወር በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቤታቸው ጎራ ብል፣ አያ ጓዴ የውብነሽን ግንባር በመዳፋቸው ይዘው አገኘኋቸው። ትኩሳት የላትም አልኋቸው። አውቃለሁ አሉኝ፤ እጃቸውን ግን አላነሡም።