ባትሪ ሠሪው መብራት ሲሰጥ

«ነይ፣ እጅሽን ዘርጊልኝ… ከሳሽ እንዴ? ጋዋኑ ሰፍቶሻል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሩን በአዋላጇ ወገብ ላይ እያዞረች።

ባትሪ ሠሪው ከተከፈተው በር ጀርባ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የተቃጠለ ፊውዝ እየቀየረ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የሟች ወንድሙ ሚስት ናት፤ ሲገባ ሰላምታውን በአገጯ ተቀብላ ወደ ሥራዋ ዞራለች።

ሃያ ዓመት ባትሪ ሲሠራ፣ የእሱ ባትሪ ሞተብኝ ያለ ሰው አልነበረም። ካቻምና ግን «ባትሪውን ከምሸጥ ለምን መብራቱን አልሸጥም?» ብሎ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ደረደረ። ለአሥራ ሁለት ቤት የሚበቃውን፣ የለመነውን ሁሉ እሺ እያለ ለሠላሳ ቤት ቀጠለው። ባለፈው ሐሙስ ከሠላሳዎቹ አንዱ በሆነው፣ መስኮት በሌለው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ መብራቱ ምጥ መሐል ጠፋ። እናትና ልጅ ተረፉ። እሱን ግን ከዚያ ወዲህ እህል አይጥመውም። ዛሬ ጠዋት የራሱን ቤት መስመር ቆርጦ ድርሻውን ለማዋለጃው አዞረ፤ ከሚስቱ በቀር ያወቀ የለም።

«እኔ ሰው ሲያልፍለት ደስ ይለኛል… ምቀኛ አይደለሁም፣ ታውቂኛለሽ» ቀጠለች ልብስ ሰፊዋ። «ባትሪ የሚሠራ ሰው ኃይል ሰጪ ልሁን ቢል ምን አለበት? ባልዲ የሚሠራውስ ወንዝ ልሁን ቢል ማን ይከለክለዋል? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ… የእኛም መብራት ይኸው ሄደ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ሰዓት አክባሪነቱንማ ማን ይክዳል?»

ብሎኗ ከባትሪ ሠሪው ጣት አመለጠች። ጎንበስ ብሎ ፈለጋት።

«ደግሞ እጁ ሰፊ ነው… ለማንም እምቢ አያውቅም። ሳይተርፋት ታበድር ማለት ለክፉ ነው እንዴ? ደግነት ነው እንጂ። አንቺስ ብትሆኚ፣ ስልክ አብርቶ በጥርስ ነክሶ ማዋለድን ከየት ትማሪው ነበር?»

አዋላጇ አንገቷን ደፋች። ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ወደ በሩ ከፍ አደረገች።

«እኔም ጉልበቴ ዝጎ ነበር… ይኸው የድሮዋን የእግር ስፌት መኪና ከቆጥ አስወረደኝ። አርባ የተማሪ ዩኒፎርም እየረገጥኩ ወጣት ሆንኩ። ውለታው ብዙ ነው።»

ባትሪ ሠሪው ‹የእኔም ቤት እኮ ጨለማ ነው› ሊል አፉን ከፈተ። ግን ምን ብሎ? ዩኒፎርሙም እውነት ነው፤ ማዋለጃውም እውነት ነው። ፊውዙን አጥብቆ ማብሪያውን ወደ ላይ ገፋው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ያለው አምፖል በራ።

«አየሽ… መጣ። ሻማ ለሰው እያበራ ራሱ ያልቃል ይባላል። አንዳንዱ ግን ብልህ ነው፤ ሰውን እየጨረሰ ራሱ ይበራል… ይሁን፣ ዘመድ አይረገምም።»

ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ሲደርስ ቀና አለች፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ አምፖሉ።

«እኔማ ስመርቀው ነው የምውለው…» አለች ቀስ ብላ፣ «ለእኛ ቤት እንዳበራልን፣ ፈጣሪ ለእሱም ቤት እንደዚያው ያብራለት።»