ያላጠጣሁት አበባ

እዚህ ኦሃዮ፣ ኢስተን አካባቢ አንድ ችግኝ መሸጫ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው አንድ ያገሬ ሰው፣ ሽማግሌ፣ መጡና «ልጄ፣ እንክብካቤ የማይፈልግ አበባ ምረጪልኝ» አሉኝ። የዚሁ የኦሃዮ አገር በቀል የሆኑትን ሐምራዊ አበቦች አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ እነዚህ ብርዱንም ድርቁንም ይችሉታል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ያጠጧቸው፤ ሥር ከሰደዱ ማንንም አይፈልጉም» አልኳቸው።

ያነሱትን ችግኝ ቀስ ብለው መለሱት። «ዓመት እንኳ የለኝም፤ ሐኪሞቹ ቁርጤን ነግረውኛል። ባለቤቴ ከአልጋ አትነሳም፣ በመስኮት የምታየው ነገር ልተውላት ብዬ ነበር። ውሃ ሳያገኝ የሚጸድቅ የለም?»

«የለም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«አንቺ ምን ታደርጊ» ብለው ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ወጡ። «እኔ እየመጣሁ አጠጣለሁ» ማለት ትዝ ያለኝ መኪናቸው ከፓርኪንጉ ከወጣ በኋላ ነው። ሮጬ ብወጣም አልደረስኩባቸውም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።