የዘምዘም ሰንሰለት

ወይዘሮ ዘምዘም ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ሰንሰለት ሲያስለኩ «ያ ኻልቲ፣ አክስቴ!» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰምተው ደነገጡ። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ሂያም ነበረች፤ አባቷ ሱዳናዊ፣ እሷ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነርስ። ያን ዕለት ዘምዘም ሊያዩት የማይፈልጉት ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

«ሰንሰለቱ ለምንድን ነው?»

«ለበር» አሉ። ውሸት አልለመዱምና ዕንባቸው ቀደማቸው። ታናሽ እህታቸው ጀሚላ ሪያድ ከተማ በሰው ቤት ስትሠራ እንቅልፍ አጥታ፣ ከማይታይ ሰው ጋር መከራከር ጀምራ፣ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ወዳለው ወደ እሳቸው ቤት ተመልሳለች። ትናንት አስፋልት ላይ ስትሮጥ ከመኪና የተረፈችው ለጥቂት ነው። አሁን ሊወስዷት ያሰቡት ከከተማ ዳር ወዳሉ አንድ ሼኽ ነው። እዚያ ሕመምተኛው ከግንድ ይታሰራል፤ ጨው የሌለው ገንፎ ብቻ ይበላል፤ ሰንሰለቱን የሚያመጣው ዘመድ ነው።

«ወደ እኛ ሙስተሽፋ፣ ወደ ሆስፒታላችን ያምጧት እንጂ!»

«እብድ ቤት? ከዚያ የወጣችን ልጅ ማን ይቀጥራታል? ማንስ ያገባታል? ደግሞ የያዛት ጂን ነው፤ ጂን በኪኒን አይወጣም።»

«ጂን ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም ኻልቲ። ሰንሰለት ጂን እንደማያስር ግን አውቃለሁ። የሚታሰረው የጀሚላ እግር ነው፤ ቁስሉን በኋላ የምናጥበው እኛ ነን።»

ዘምዘም ግን ሰንሰለቱን አልለቀቁም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ!

«ዱዓውስ?»

«ዱዓ ማን ከለከለ! ሼኹ አልጋዋ ድረስ መጥተው ቁርኣን ይቅሩባት። ወላሂ፣ የሚመጡ አሉ።»

ያን ጊዜ ዋናው ፍርሃት ወጣ። «ዘግተውባት ብቻዋን ብትቀርስ? እናታችን ስትሞት 'ከዓይንሽ እንዳትርቅ' ብላ አደራ ሰጥታኛለች።»

ሂያም ሳቀች። «ብቻዋንማ አንቀበላትም! ከቤተሰብ አንድ ሰው ሙራፊቅ፣ አስታማሚ ሆኖ አብሯት ካላደረ አልጋ አይሰጥም። እርስዎ አጠገቧ ይተኛሉ፤ ያበሏታል፤ ያጥቧታል። ከበር ላይ 'አንቺ ተመለሽ' የሚሉዎትስ ሼኹ ዘንድ ነው።»

ዘምዘም ይህን ማንም ነግሯቸው አያውቅም ነበር። ሰንሰለቱን ባንኮኒው ላይ ጣሉት። ነጋዴው «ከቆረጥኩ በኋላ!» እያለ ቢነጫነጭም ዞረው አላዩትም።

«ያላ፣ ልጄ፣ ሳታመልጠን እንድረስባት!»

ሆስፒታል ገብታ፣ ዘምዘምም አጠገቧ እያደሩ፣ መድኃኒቱ ሲስማማት ለጀሚላ መጀመሪያ እንቅልፍ መጣላት፤ ቀጥሎ የምግብ ፍላጎት፤ ከዚያ ያ የድሮ ተረቧ። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ዛሬ ልብስ ሰፊ ቤት ትሠራለች። አሳሪ ቢያገኛት ኖሮ እግሯ ይቆስል፣ ሕመሟ ይብስ ነበር እንጂ ይህን ሁሉ አናይም ነበር።

ሰው ሲንሾካሾክ ዘምዘም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አዎ፣ ታማ ነበር፤ ታክማ ዳነች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!» ይላሉ።

አንድ ቀን ለሐሜት የመጣችው ጎረቤታቸው ኒዕማ ይህን ስትሰማ ሐሜቷን ተወች። እሷም አእምሮው የታመመ ወንድሟን ቤቷ ውስጥ ቆልፋበት እንደመጣች ተናገረች።

ዘምዘም ነጠላቸውን አነሱ። «ተነሽ» አሏት፤ «አብሬሽ እሄዳለሁ።»